ጽሑፌ ለምን ይመለስብኝ እንደነበር በስልኬ ገባኝ

ሦስት ወር ሙሉ የምልከው ጽሑፍ «ይከብዳል» እየተባለ ይመለስብኝ ነበር። በፍሪላንስ ለሚሠራ ሰው የተመለሰ ጽሑፍ ማለት ያልተከፈለ የቤት ኪራይ ነው። መጀመሪያ አዘጋጁ ላይ ተናደድኩ። ከዛ አንድ ማታ ጽሑፌን ጮክ ብዬ እያነበብኩ በስልኬ ቀዳሁትና መልሼ ሰማሁት። ጉድ ነው! መሃል ላይ ትንፋሼ ቁርጥ ይላል።

ችግሩ ግሱ ነበር። አማርኛ ማሰሪያውን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ እኔ ደግሞ በባለቤቱና በማሰሪያው መካከል ሦስት «የሚለው»፣ ሁለት «ሲሆን» እና አንድ «ከመሆኑም ባሻገር» ስጠቀጥቅ አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ አራት መስመር ይጓዛል። ሌላው ያ የቢሮ አማርኛ ነው። «ነጋዴዎቹ በዋጋ ጭማሪው ላይ ቅሬታ ማቅረባቸው ተገልጿል» ብዬ ጽፌያለሁ። ማን ገለጸው? ገበያ ሄጄ የሰማሁት እኔው ነኝ! «ነጋዴዎቹ ዋጋ ጨመረብን ብለው አማረሩ» አልኩት፣ አለቀ።

አሁን ቀድቼ ሳልሰማ አልልክም። ትንፋሽ ያጠረኝ ቦታ አራት ነጥብ አስገባለሁ። «ተገልጿል» ባየሁ ቁጥር ማን ብዬ እጠይቃለሁ። ሁሉም ዓረፍተ ነገር ይጠር ማለቴ ግን አይደለም፤ እሱም እንደ ቴሌግራም መልእክት ቶሎ ይሰለቻል። የራስን ድምፅ መስማት መጀመሪያ ያሳፍራል፣ ሁለት ሦስት ቀን ታገሱት።

ባለፈው ሳምንት የላክሁት አልተመለሰም። አንድ ፊደል ብቻ ነው ያረሙት፤ «ኃይል»ን በሃሌታው «ሀ» ጽፌው ኖሯል።