የአረጋውያን ማዕከልን ስንከታተል ልንተዋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ይህን የምጽፈው ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ለሚያስተዳድሩ፣ በቦርድ ለተመረጡ፣ ከማኅበራዊ ጉዳይ ለሚላኩ ባለሙያዎችና ዘመዳቸውን እዚያ ላስገቡ ሰዎች ነው። አብዛኛው ሰው በቅን ልብ ነው የሚሄደው። ሄዶ የሚያየው ግን ግቢውን፣ ሕንፃውንና ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ነው። መታየት ያለባቸው አልጋ ላይ ያሉት እናቶችና አባቶች ናቸው።

በቀጠሮ ብቻ መሄድ

ፋሲካ ወይም ኢድ ሲደርስ ማዕከሉ በእንግዳ ይሞላል። መስከረም 21 አካባቢ፣ የዓለም አረጋውያን ቀን ሲከበርም እንዲሁ። አንሶላ ይቀየራል፣ ወለል ይታጠባል፣ ሳሙናና ዘይት ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ደግ ሥራ ነው፣ ይቀጥል። ክትትል ግን አይባልም።

ሳትናገሩ ሂዱ። እሑድ ከሰዓት ሂዱ። እራት ሲቀርብ ሂዱ። አንዳንዴ ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ሂዱና ስንት ተንከባካቢ ተረኛ እንደሆነ ቁጠሩ። ቀን ቀን ብዙ ሠራተኛ የሚታይበት ቤት ሌሊት አንድ ሰው ብቻ ሊቀርለት ይችላል። አንድ ሰው ደግሞ 30 እና 40 ሰው አገላብጦ፣ ሽንት ቤት አድርሶ፣ ዳይፐር ቀይሮ ሊያነጋ አይችልም። እዚህ ላይ ተንከባካቢዋን መውቀስ ይቀናናል። ጥፋቱ ግን ፈረቃውን ያወጣው ሰው ነው። ደመወዟንም ጠይቁ፤ ሠራተኛ በየወሩ የሚቀያየርበት ቤት ውስጥ የአዛውንቱን ጠባይና ሕመም የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ምርቃትን እንደ ሪፖርት መቀበል

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ወሎ ላይ አዛውንት እንግዳ ሲያዩ መጀመሪያ ከአፋቸው የሚወጣው ምርቃት ነው። «እንዴት ነዎት እማማ?» ሲባሉ «አልሐምዱሊላህ፣ ምን ጎደለኝ ልጄ» ይላሉ። ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተን ያቆይልን»። እኛም ደስ ብሎን እንወጣና መዝገቡ ላይ «ተገልጋዮች ረክተዋል» ብለን እንጽፋለን።

እስቲ አስቡት። ጥያቄውን ስንጠይቅ ሥራ አስኪያጁ አጠገባችን ቆሟል። ማታ ውሃ የምታቀብላቸው ልጅ በር ላይ ናት። እኛ ጥቂት ቆይተን እንሄዳለን፣ እነሱ ግን አሉ። «እዚህ ቤት ተቸገርኩ» ያሉ አባት «ሌላ ቦታ ይፈልጉ» እንዳይባሉ ይፈራሉ። ይሉኝታውም አለ፤ እንጀራ የሚያበላን ቤት ማማት ነውር ነው ብለው ያደጉ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ለብቻ ተቀመጡ። ቡና ከተፈላ አብራችሁ ጠጡ፣ አቦሉን ብቻ ቀምሳችሁ አትነሱ። ከዚያ አጠቃላይ ጥያቄ ትታችሁ ዝርዝሩን ጠይቁ። «ትናንት ማታ እራት ምን ነበር?» «ሌሊት ሽንት ሲመጣብዎት ማንን ይጠራሉ? እስኪመጣ ምን ያህል ይቆያል?» «ገላዎን መቼ ታጠቡ?» «ሰው የሚቆጣዎት አለ?» ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ በምርቃት መመለስ ይከብዳል። መናገር የማይችሉትን በተመለከተ ደግሞ ጎን ያለውን አልጋ ጠይቁ። ጎረቤት ሁሉን ያያል።

ብርድ ልብሱን አለመግለጥ

አልጋው ተነጥፎ፣ ጋቢው ተሸፍኖ ሲታይ ሁሉም ደህና ይመስላል። የአልጋ ቁስል ያለው ግን ከሥር ነው። ተረከዝ ላይ፣ ዳሌ ላይ፣ ከወገብ በታች መቀመጫው አካባቢ። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው ቢያንስ በየ2 ሰዓቱ መገላበጥ እንዳለበት በነርስ ትምህርት ቤት ሁሉ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ቁስሉ ሳይፈነዳ የሚታይ ምልክትም አለ። ቀላ ያለና ሲጫኑት የማይደበዝዝ ቦታ ካለ ጉዳቱ ጀምሯል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጅ ይዳሰሳል፤ ከዙሪያው ይልቅ የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ ይፈለጋል። ይህን የሚያየው ነርስ ነው፣ ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ፣ አስፈቅዶና ከልሎ። የቦርድ አባል ሥራ መገላበጫ ሰዓቱ የሚጻፍበትን ወረቀት ማየት ነው። ሌሊቱን ሙሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት እጅ ጽሑፍ፣ በአንዴ የተሞላ ከሆነ ጠይቁ።

ሚዛንም ይኑር። በወር አንዴ ይመዘኑ። 50 ኪሎ የነበሩ እናት በአንድ ወር 2 ኪሎ ተኩል ከቀነሱ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። ምናልባት ጥርሳቸው አልቆ እንጀራው አልላመላቸው ይሆናል። ምናልባት የሚያጎርሳቸው ሰው ቸኩሎ ይሆናል።

«ጃጅተው ነው» ብሎ ማለፍ

ትናንት የሰዉን ስም ለይተው ሲጠሩ የነበሩ አባት ዛሬ ቀኑና ሌሊቱ ከተምታታባቸው ይህ እርጅና አይደለም። የመርሳት ሕመም በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት የመጣ መደናገር ብዙ ጊዜ ሌላ ሕመም አለ ማለት ነው፦ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የሰውነት ውሃ ማነስ፣ የስኳር መውረድ፣ ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት። አዛውንት ላይ ትኩሳት እንኳ ላይታይ ይችላል። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ አለባቸው። እንዲረጋጉ ተብሎ የእንቅልፍ ኪኒን መስጠት ሕመሙን ይሸፍናል፣ መውደቅንም ያመጣል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ካያችሁ ዝም አትበሉ።

መድኃኒትን በአንድ ሳጥን ማጠራቀም

የግፊት፣ የስኳር፣ የልብ ኪኒን በአንድ ፌስታል ተቀላቅሎ ሲቀመጥ አንዱ የሌላውን መውሰዱ አይቀርም። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳጥንና የራሱ ቻርት ይኑረው፤ የሰጠውም ሰው ይፈርም። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ በረዶ ከሠራበት ይጣላል። መብራት ሲጠፋ ማዕከሉ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁ። «እስከዛሬ ችግር አልገጠመንም» መልስ አይደለም።

ሃይማኖትን የግል ጉዳይ ነው ብሎ መተው

ደሴ ላይ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚጦረው። ያምርብናል። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ ድስቱና ቢላው ለየብቻ ይሁን። በተለይ የሚቀርብላቸውን መለየት ያቃታቸው አዛውንቶች ዕድሜያቸውን ሙሉ ያልበሉትን እንዳይበሉ መጠበቅ የቤቱ ኃላፊነት ነው። ለውዱእ የሞቀ ውሃ፣ ለቅዳሴ የሚያደርስ ሰው የማይገኝበት ቤት እንክብካቤው ጎዶሎ ነው።

ጾምም አለ። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ እናት በረመዳን ወይም በዐቢይ ጾም ምግብ እንቢ ካሉ ቁጣ አያዋጣም። ሼሁን ወይም የንስሐ አባታቸውን ጥሩ። በእስልምና በዕድሜና በሕመም መጾም ያቃተው ሰው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ምስኪን ያበላል። ንስሐ አባትም ለታመመ ያቀልላሉ። ከነርስ ይልቅ የእነሱ ቃል ይሰማል።

ሲገቡም ቅሬያቸው (ዕድራቸው) የት እንደሆነ ተመዝግቦ ይቀመጥ። ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለአሁኑም ይጠቅማል። የድሮ የቅሬ ጓደኞቻቸው በየተራ እየመጡ ቢጠይቋቸው ከየትኛውም ኮሚቴ የተሻለ ዓይን ይሆናሉ።

ለደሴና ለኮምቦልቻ አንድ ዓይነት ቅጽ መጠቀም

ሁለቱ ከተሞች መሃል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አየሩ ግን ሌላ ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርዱ አዛውንትን ያደክማል። ብርድ ሲሆን ደግሞ ከሰል በተዘጋ ክፍል ማቀጣጠል ይለመዳል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ሽታ የሌለው ጋዝ ተኝተው እንዳሉ ይገድላቸዋል። መኝታ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ ካያችሁ በዚያው ሰዓት ይውጣ። ተጨማሪ ብርድ ልብስና ካልሲ ጠይቁ።

ኮምቦልቻ ዝቅ ያለችና ሞቅ ያለች ስለሆነች የወባ ትንኝ አለባት። እዚያ የሚታየው አጎበሩ ነው፤ ተቀዷል ወይስ ተሰቅሏል?

በሁለቱም ከተማ አንድ የጋራ ነገር አለ። አዛውንት ቢጠማውም ጥሙ ብዙ አይሰማውም። ሌሊት ሽንት ቤት መሄድ ስለሚፈራም ሆን ብሎ ውሃ ይቀንሳል። ስለዚህ የውሃ ኩባያው የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን ሽንት ቤቱ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ መብራትና መያዣ እንዳለውም እዩ።

ለክፉ ቀን አለመዘጋጀት

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ሰው ሸሸ። መራመድ የማይችል ሰው ያለበት ቤት ምን ጭንቅ እንደነበረበት የዚህ አገር ሰው አይረሳውም። ማን ማንን እንደሚያነሳ፣ መኪና ከየት እንደሚመጣ፣ የየሰዉ መድኃኒትና መታወቂያ የት እንዳለ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ለእሳት አደጋም ይሠራል።

ግኝቱን ጽፎ መተው

«ይሻሻል» የሚል ቃል ማንንም አያሠራም። «የሌሊት ተረኛ 2 ይሁን፤ ኃላፊው ሥራ አስኪያጁ፤ እስከ ጥቅምት 30» ተብሎ ይጻፍ። በቀጣዩ ጉብኝት ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ ግቡ። ካልተፈጸመ ለከተማው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ቅጂውንም ያዙ። እዚያም ከተንከባለለ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ይቀበላሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይደነግጋል፤ ደብዳቤያችሁ ላይ ጥቀሱት። አዛውንቱ የተናገሩትን ስትጽፉ ግን ስማቸውንና የአልጋ ቁጥራቸውን አትጻፉ። የነገሯችሁ እናንተን አምነው ነው፣ ማታ እዚያው ቤት ነው የሚያድሩት።