አልፈታ ያለ የዘይት ፊልትሮ፦ ችግሩና መፍትሄው

ፊልትሮው በእጅ አይዞርም፤ ቁልፍ ሲገባበት ደግሞ ቆርቆሮው ይጨማደዳል። ኮምቦልቻ በምሠራበት ጋራዥ በየጊዜው የሚገጥመኝ ይህ ነው። መንስኤው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ባለፈው ዘይት ቅየራ ላይ ነው። ያኔ ፊልትሮው በእጅ ሳይሆን በቁልፍ ተጠብቋል፤ የጎማ ቀለበቱም ዘይት አልተቀባም። ደረቅ ጎማ በሞተር ሙቀት ይጋገርና ብረቱ ላይ ይጣበቃል። ርካሽ ፊልትሮ ሲሆን ችግሩ ይብሳል፤ ጎማው ቶሎ ይደርቃል፣ ቆርቆሮውም ስስ ነው። በጥቂት ብር ብሎ ሞተሩን ለአደጋ የሚያጋልጥ ባለ መኪና ያሳዝነኛል፤ እያወቀ የሚሸጥለት ግን ያናድደኛል።

መጀመሪያ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነሡ። በደሴ ብርዳማ ማለዳ ንቅንቅ ያላለ ፊልትሮ ሞቅ ሲል ይለቃል። አጥፉና ዘይቱን አፍስሱ፤ ትኩስ ዘይትና የጭስ ማውጫ ቱቦ እጅ ያቃጥላሉ፣ ተጠንቀቁ። ፊልትሮውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ፣ የብርጭቆ ወረቀት ሸካራ ጎኑን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ ጠቅልሉበትና በሁለት እጅ አዙሩ። ብዙው እዚህ ላይ ይሸነፋል።

መኪና ሥር ሲተኛ አቅጣጫ ይምታታል። ከፊልትሮው ግርጌ በኩል ሲታይ የሚፈታው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው። ሲፈቱት አረፈዱ ተብሎ የመጣልኝ አንድ ቪትዝ ነበር፤ ለካ ያን ሁሉ ሰዓት ሲያጠብቁት ነበር።

ጫፉ ላይ የሚገጠመው ጎድጓዳ ቁልፍ ጥሩ የሚሆነው በልኩ ሲሆን ነው፤ ለትናንሾቹ ቶዮታዎች ብዙ ጊዜ 65 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 14 ጠርዝ። ሰፊ ከሆነ ጠርዙን ልጦ ይተወዋል። ባለ ቀበቶውንና ባለ ሰንሰለቱን ቁልፍ ወደ ሞተሩ አስጠግታችሁ፣ ቆርቆሮው ጠንካራ በሆነበት በኩል አስገቡት። መሀል ወገቡን ከያዛችሁት ይጨመቃል።

ካቻቢቴ በመዶሻ መትቶ ፊልትሮውን በስቶ በማሳለፍ ማዞር የመጨረሻው መንገድ ነው፤ ብዙዎች ግን በእርሱ ይጀምራሉ። ከባቲ መስመር የመጣ አንድ ሚኒባስ ፊልትሮው ተቀዳዶ፣ ከሞተሩ ጋር የቀረው ወፍራሙ የብረት ክብ ብቻ ነበር። እንዲህ ከሆነ ሞተሩን አስነስቶ ማሞቅ አይቻልም። የተረፈውን ቆርቆሮ ቆርጬ፣ መሮ በክቡ ጠርዝ ላይ አጋድሜ አስደግፌ፣ ቦታ እየቀያየርኩ በመፍቻው አቅጣጫ ቀስ እያልኩ መታሁት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። መሮው ጎማው የሚያርፍበትን የሞተር ገጽ እንዳይነካ፤ እዚያ ላይ የተጫረ ሞተር ዘይት ያፈሳል። ካቻቢቴውንም በመሀል አትስደዱ፤ መሀሉ ላይ ፊልትሮው የሚታሰርበት ባለ ጥርስ ቧንቧ አለ፤ ጥርሱ ይጎዳል።

ፊልትሮው ከቧንቧው ጋር አብሮ ተፈትቶ ከወጣ ቧንቧውን ለይታችሁ መልሳችሁ እሰሩት። ፊልትሮው ባለ ፕላስቲክ ክዳን ከሆነ ግን ካቻቢቴ አታስነኩት።

ፊልትሮው ሲወጣ አሮጌው ጎማ አብሮ መውጣቱን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ! ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ዘይቱን መንገድ ላይ የጨረሰ መኪና ተጎትቶ መጥቶልኛል። ፊልትሮው በዚያው ጠዋት ነው የተቀየረው። ስፈታው ሁለት ጎማ ተደራርቦ አገኘሁ፤ የላይኛው ተንሸራቶ ወጥቷል። ሾፌሩ የዘይት መብራት ሲበራ «ኮምቦልቻ ልድረስ» ብሎ ነድቷል፤ ሞተሩም ነክሶ ቀረ። ያ መብራት ሲበራ ወዲያው ቁሙ፤ አንድ ኪሎ ሜትርም አትጨምሩ።

አዲሱን ስታስሩ ጎማውን በንጹሕ ዘይት ቀቡት፤ በእጅ አዙራችሁ ጎማው ብረቱን ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ጨምሩ። ቁልፉ ለመፍታት ብቻ ነው። ከዚያ ዘይት ሞልታችሁ ሞተሩን አስነሡና፣ እየሠራ ሳለ በባትሪ ብርሃን ሥሩን ተመልከቱ።