በዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ አውደ ጥናት እንዴት ይዘጋጃል? ከፕሮፖዛሉ እስከ ዕለቱ

ዩቲዩብ ቀጥሎ የምታዩትን ይመርጥላችኋል። የሙዚቃ መተግበሪያው ከምትወዱት ጋር የሚቀራረብ ዘፈን ያመጣል። የቋንቋ ማስተማሪያው ተማሪው የተሳሳተበትን ቃል ደጋግሞ ይጠይቀዋል። እነዚህ ሁሉ ተጠቃሚውን እያዩ ራሳቸውን የሚያስተካክሉ ሲስተሞች ናቸው። በዘርፉ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በየዓመቱ ከሚገናኙባቸው ዋና ዋና መድረኮች አንዱ ዩማፕ የሚባለው ጉባኤ ነው። በ2023 በቆጵሮስ ሊማሶል፣ በ2024 በጣሊያን ካልያሪ፣ በ2025 ደግሞ በኒውዮርክ ተካሂዷል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

ከዋናው ጉባኤ ጎን ለጎን አውደ ጥናቶች አሉ። እነዚህን የሚያዘጋጁት በአብዛኛው የጉባኤው አስተባባሪዎች አይደሉም። ከውጭ ያሉ ተመራማሪዎች ተሰባስበው ሐሳብ ያቀርባሉ፤ ሐሳቡ ከተወደደ ክፍልና ሰዓት ይሰጣቸዋል። ለወጣት ተመራማሪ ከዚህ የተሻለ የመግቢያ በር አላውቅም። አንድ ጽሑፍ አቅርቦ ከመመለስ ይልቅ የዘርፉን ሰዎች በራሳችሁ ጥያቄ ዙሪያ ትሰበስባላችሁ።

ትንሽ ክፍል ምን ሊወልድ እንደሚችል ለማየት የዩማፕን የራሱን ታሪክ ማየት ይበቃል። መነሻው በ1986 በጀርመን ማሪያ ላህ የተደረገ አነስተኛ አውደ ጥናት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ ጉባኤነት አደገ። በ2009 ከሌላ እህት ጉባኤ ጋር ተዋህዶ በጣሊያን ትሬንቶ የዛሬውን ስሙን ያዘ። በሰፊው የሰው ሰራሽ አስተውሎት ዓለምም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ የተወለዱት ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ በዘርፉ ያሉ ጥቁር ተመራማሪዎችን የሚያሰባስበውን ብላክ ኢን ኤአይን ሲመሠርቱ፣ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራቸው በ2017 በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ኒፕስ ከሚባለው ትልቅ የሰው ሰራሽ አስተውሎት ጉባኤ ጋር ያካሄዱት አውደ ጥናት ነበር።

1. ጥያቄውን ያዙ

ብዙ ፕሮፖዛል የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። "ሰው ሰራሽ አስተውሎት ለአፍሪካ" ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ሁሉም ይስማማበታል፤ የሚከራከርበት ግን የለም። ለአውደ ጥናት የሚሆን ጥያቄ ገና መልሱ ያልተገኘ፣ ከአንድ በላይ ሙያ የሚፈልግ፣ አዋቂዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚለያዩበት መሆን አለበት።

አንድ ምሳሌ ልስጥና እስከ መጨረሻው እሱን ይዘን እንሂድ። እነዚህ ሲስተሞች በአብዛኛው የተሠሩት አንድ አካውንት ማለት አንድ ሰው ነው ብለው ነው። በብዙ ቤት ግን አንድ ስልክ የቤተሰብ ነው። ልጅ በእናቱ ስልክ ካርቱን ያያል፤ ማታ እናት ስትከፍተው የሚመጣላት ካርቱን ነው። ታላቅ ወንድም በእንግሊዝኛ ይፈልጋል፣ አባት በግዕዝ ፊደል ይጽፋል፣ እህት አማርኛውን በላቲን ፊደል ትጽፋለች። ሲስተሙ እነዚህን ሁሉ ቀላቅሎ በእውን የሌለ አንድ ሰው ይፈጥራል። እና ምን ይሁን? ስልኩን የያዘው ማን እንደሆነ ለይቶ ይወቅ? እንዲህ ከሆነ ምክሩ ይሻሻላል፣ የቤተሰቡ ገመና ግን ይጋለጣል። አይወቅ ከተባለም እናትየዋ ካርቱን እያየች ትኖራለች። እዚህ ላይ የኮምፒውተር ባለሙያው፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውና የሕግ ሰው በደንብ ይከራከራሉ። ይህ ለአውደ ጥናት ይሆናል።

የእናንተንም ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ካልተቻለ ገና አልበሰለም።

ከዚያ ያለፉትን ዓመታት ፕሮግራሞች ተመልከቱ። በዩማፕ ስር ለረጅም ጊዜ የዘለቁ አውደ ጥናቶች አሉ። ፓች በባህል ቅርስ ላይ፣ ፌርዩማፕ በፍትሐዊነት ላይ፣ ኤክስዩኤም ሲስተሙ ለተጠቃሚው ራሱን እንዲያስረዳ በማድረግ ላይ ያተኩራሉ። ርዕሳችሁ ከአንዱ ጋር ከተነካካ ዝም ብላችሁ አትለፉ። ለአዘጋጆቹ ጻፉላቸው። አብረን እንሥራ ሊሉ ይችላሉ። ባይሉም እንኳ በፕሮፖዛሉ ላይ ልዩነታችሁን በግልጽ መጻፍ ትችላላችሁ።

2. ቡድን አዋቅሩ

ከሦስት እስከ አምስት ሰው ይበቃል። ሁሉም ከአንድ ዲፓርትመንት የመጡ ጓደኛሞች መሆን የለባቸውም፤ ፕሮፖዛሎቹን የሚመርጡት ሰዎች ይህን ቶሎ ያዩታል። ከዚህ በፊት አውደ ጥናት ያዘጋጀ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ጊዜና ጉልበት ያለው የዶክትሬት ተማሪ ያስፈልጋል። ከሌላ ሙያ የመጣ ሰውም ቢኖር መልካም ነው። ለእኛ ምሳሌ አንዱ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር፣ አንዱ አውሮፓ፣ አንዱ ደግሞ እንደ ሕንድ ስልክ መጋራት በተለመደበት አገር ቢሆን ጥያቄው የአንድ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ በቡድኑ ይታያል።

የማታውቁትን ፕሮፌሰር ለመጋበዝ አትፍሩ። ኢሜይሉን አጭር አድርጉት። ጥያቄው ምንድን ነው፣ ለምን እሳቸውን መረጣችሁ (የትኛውን ሥራቸውን አንብባችሁ)፣ ስንት ሰዓት ሥራ ይጠበቅባቸዋል፣ እስከ መቼ መልስ ትፈልጋላችሁ። ከዚያ በላይ አትጻፉ። በሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ በትሕትና አስታውሱ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ሰው ሂዱ።

ሥራውንም ከመጀመሪያው ተከፋፈሉ። ጥሪውን ማን ያሰራጫል? ግምገማውን ማን ይመራል? በዕለቱ ቦታው ላይ ማን ይገኛል? ቢያንስ አንድ አዘጋጅ ተመዝግቦ በአካል እንዲገኝ የሚጠይቁ ጉባኤዎች ብዙ ናቸው። የምዝገባ ክፍያውንም ብዙ ጊዜ አዘጋጁ ራሱ ነው የሚችለው። ይህን በኋላ ከማወቅ ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

3. ፕሮፖዛሉን ጻፉ

የፕሮፖዛል ጥሪ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ጉባኤው ሊካሄድ ከግማሽ ዓመት በላይ ሲቀረው ነው። ርዝመቱ እንደ ጉባኤው ይለያያል፤ ጥቂት ገጽ ነው። የሚጠየቀው ግን ይመሳሰላል፦ ርዕስና አጭር መጠሪያ፣ ዓላማው፣ ለምን አሁን፣ የግማሽ ቀን ነው ወይስ የሙሉ ቀን፣ ምን ዓይነት ጽሑፍ ትቀበላላችሁ፣ ስንት ሰው ትጠብቃላችሁ፣ የአዘጋጆቹ ማንነት፣ የገምጋሚዎች ዝርዝር፣ የጊዜ ሰሌዳ።

መራጮቹ ጊዜ ወስደው የሚያነቡት "ለምን አሁን" የሚለውንና የዕለቱን አካሄድ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ አትቆጥቡ። "ጽሑፎች ይቀርባሉ፣ ውይይት ይደረጋል" ብቻ የሚል አካሄድ ብዙ አያሳምንም። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ "ተሳታፊዎች በአራት ቡድን ሆነው የአንድ ቤተሰብን የስልክ አጠቃቀም ይመረምራሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን ሲስተሙ ሊያውቅ የሚገባውንና የማይገባውን ይለያል።" አንባቢው ክፍሉን በዓይነ ሕሊናው ያየዋል።

የገምጋሚዎችን ስም ስትጽፉ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሳይጠየቅ ስሙ የተጻፈ ሰው በኋላ እምቢ ካለ ለቡድኑ መልካም አይደለም። ገና እሺ ያላላችሁ ሰው ካለ "የተጋበዘ" በሉ።

የተሳታፊ ቁጥር ስትገምቱ እውነቱን ጻፉ። ሃያ ሰው ያለበት ክፍል ጥሩ አውደ ጥናት ነው። መቶ ብሎ መጻፍ ማንንም አያስደስትም፤ መራጮቹ ያለፈውን ያውቃሉ።

4. የጊዜ ሰሌዳውን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሩ

ተቀባይነት ካገኛችሁ በኋላ ጊዜው ይሮጣል። ጉባኤው ሰኔ ላይ ነው እንበል። የመጨረሻው ቅጂ ለአሳታሚ የሚሰጥበት ቀን በጉባኤው ተወስኗል፤ አይነቃነቅም። ከእሱ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ደራሲው ለማረም ሁለት ሳምንት፣ ገምጋሚው ለማንበብ ሦስት ሳምንት ያስፈልገዋል። ጥሪው ደግሞ ለደራሲዎች ቢያንስ ስምንት ሳምንት መስጠት አለበት። ውጤቱ የሚነገርበት ቀን ቅናሽ ያለው ምዝገባ ከሚዘጋበት በፊት ይሁን።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምለው ስለ ቪዛ ነው። ከኢትዮጵያ፣ ከናይጄሪያ ወይም ከባንግላዴሽ የሚመጣ ደራሲ ጽሑፉ ተቀባይነት ማግኘቱን ከጉባኤው ስድስት ሳምንት በፊት ቢሰማ በብዙ ሁኔታ አይደርስም። የሸንገን ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ይገባል። ውሳኔው በደንቡ 15 ቀን ይወስዳል፤ እስከ 45 ቀን ሊራዘምም ይችላል። ቀጠሮ ለማግኘት የሚጠፋው ጊዜ ከዚህ ውጭ ነው። ስለዚህ ቀደም ያለ ዙር ክፈቱ። ቪዛ የሚያስፈልገው ሰው ከሌላው አንድ ወር ቀድሞ ያስገባ፣ ቀድሞም ይገምገምለት። የግብዣ ደብዳቤ ማን እንደሚጽፍም ከጉባኤው አስተባባሪዎች ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ። ብዙ አዘጋጆች ይህን የሚያስቡት ሰው ከቀረ በኋላ ነው፤ ያኔ ምንም አይረዳም።

መምጣት ላልቻለ ሰው በቪዲዮ የማቅረብ ዕድል በፕሮፖዛሉ ላይ ጻፉ። በ2020 አዲስ አበባ ላይ ሊካሄድ የነበረው አይሲኤልአር የተባለው የሰው ሰራሽ አስተውሎት ጉባኤ በኮቪድ ምክንያት ወደ ኦንላይን ሲዞር፣ አብሮት የተጀመረው አፍሪካኤንኤልፒ የተባለው የአፍሪካ ቋንቋዎች ቴክኖሎጂ አውደ ጥናት አልተሰረዘም። በኦንላይን ተካሄደ፣ ከዚያም በኋላ ቀጠለ።

አንድ ትንሽ ነገር፦ ብዙ ጉባኤዎች የማስረከቢያ ሰዓትን "በምድር ላይ የትኛውም ቦታ" በሚባለው አቆጣጠር ይጽፋሉ። ቀኑ በዓለም የመጨረሻው የሰዓት ክልል ላይ እስኪያልቅ ድረስ ማለት ነው። በእኛ ሰዓት በማግስቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ እስኪቀረው ይዘልቃል።

5. ጥሪውን አሰራጩ፣ ጽሑፎቹን ገምግሙ

ድረ ገጹ ቀላል ይሁን። ጥያቄው፣ ቀኖቹ፣ የሚፈለገው የጽሑፍ ዓይነት፣ የማስገቢያው ሊንክ። ለማስገቢያ ብዙዎች ኢዚቼር የተባለውን ሲስተም ይጠቀማሉ። ጉባኤው የራሱ ካለው እሱን ተጠቀሙ።

በዘርፉ የኢሜይል ዝርዝሮች ላይ መለጠፍ ግዴታ ነው፤ ግን በእሱ ብቻ ጽሑፍ አይመጣም። ጽሑፍ የሚመጣው ለሰው በስሙ ሲጻፍ ነው። በጉዳዩ ላይ የሚሠሩ ሠላሳ ሰዎችን ዘርዝሩና ለየብቻ ጻፉላቸው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ላሉ ተማሪዎች በቴሌግራም ማድረስ ከኢሜይል ይሻላል።

እያንዳንዱን ጽሑፍ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ሰው ያንብበው። ሐሳቡ አዲስ ሆኖ ገና ያልተጠናቀቀ ሥራ ሲመጣ ገምጋሚዎቹ እንደ ዋናው ጉባኤ እንዳይጥሉት አስቀድማችሁ ንገሯቸው። አውደ ጥናት ያለው ለዚህ ነው።

የገባው ጽሑፍ ካነሰስ? ማስረከቢያውን አንድ ጊዜ፣ አሥር ቀን ገደማ ማራዘም የተለመደ ነው። አሁንም ካነሰ የሙሉ ቀኑን ወደ ግማሽ ቀን ቀንሱት፣ ወይም ከሚቀራረብ አውደ ጥናት ጋር ለመዋሃድ አስተባባሪዎቹን አነጋግሩ። ደካማ ጽሑፍ ከማስገባት አራት ጥሩ ጽሑፍ ይዞ ረጅም ውይይት ማድረግ ይመረጣል።

6. የት ይታተማል?

ሁለት መንገድ አለ። የዩማፕ አውደ ጥናት ጽሑፎች ኤሲኤም የተባለው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር በሚያወጣው የጉባኤው ተጨማሪ ጥራዝ ውስጥ ሲታተሙ ቆይተዋል። ሌላው ከጀርመን አኽን ከተማ የሚሠራው ሲዩር የተባለው ነጻ ማከማቻ ነው። ከደራሲም ከአንባቢም ገንዘብ አይጠይቅም። ኤሲኤም ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ሁሉንም ለአንባቢ ነጻ አድርጓል፤ በዚያው ልክ ዩኒቨርሲቲው ስምምነት የሌለው ደራሲ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ነጻ የመደረግ ወይም የቅናሽ ዕድል አለ። የእናንተን ጽሑፎች ይመለከት እንደሆነ ጥሪውን ከማውጣታችሁ በፊት አስተባባሪዎቹን ጠይቁ፣ መልሱንም ጥሪው ላይ ጻፉት። ተማሪ ጽሑፉ ካለፈ በኋላ ድንገት የክፍያ ጥያቄ ሊደርሰው አይገባም።

7. ዕለቱ

ለግማሽ ቀን የሚሆን አካሄድ ይኸውና። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አሥር ደቂቃ ትውውቅ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ተጋባዥ ተናጋሪ። ቀጥሎ ስድስት ጽሑፍ፣ እያንዳንዱ ስምንት ደቂቃ። ጥያቄውን በየመሃሉ ሳይሆን ሦስት ሦስት ጽሑፍ ካለቀ በኋላ በጋራ ውሰዱ፤ ጽሑፎቹ እርስ በርስ መነጋገር ይጀምራሉ። 5 ሰዓት ላይ ቡና። ከቡና በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ የቡድን ሥራ ይሁን፣ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ደግሞ ቡድኖቹ ያገኙትን የሚያቀርቡበት።

የሰው ጉልበት ያለው ጠዋት ነው፣ እውነተኛው ጨዋታ የሚጀምረው ግን ቡና ላይ ነው። የቡና ሰዓቱን አትቁረጡ። ተናጋሪ ጊዜ ቢያሳልፍ ከንግግሩ ላይ ቀንሱ እንጂ ከቡናው አትቀንሱ።

ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አወያይና አንድ ጸሐፊ መድቡ። አወያዩ ዝም ያሉትን ያናግር። እንግሊዝኛው የማይፈስለት ተማሪ በሠላሳ ሰው ፊት ላይናገር ይችላል፤ አራት ሰው ባለበት ግን ይናገራል። የቤተሰብ ስልክን ነገር ከሁሉም አብልጦ የሚያውቀው እሱ ሊሆን ይችላል። ኦንላይን የገቡትም አንድ ራሱን የቻለ ቡድን ይኑራቸው፤ ከክፍሉ ጋር ተደባልቀው በአንድ ላፕቶፕ ሲሰሙ አይሳካም።

8. ከዚያ በኋላ

በአንድ ሳምንት ውስጥ የቡድኖቹን ማስታወሻ ሰብስባችሁ ለተሳታፊዎች ላኩ። ከዘገየ ማንም አያነበውም። ጽሑፎቹ ጠንካራ ከሆኑ ለዘርፉ ጆርናል ልዩ እትም ማቅረብ ይቻላል። በመስኩ ዋናው ጆርናል ከ1991 ጀምሮ የሚወጣው ዩኤምዩኤአይ ነው፤ እንዲህ ያሉ ልዩ እትሞችን ያወጣል። ለጆርናሉ አዘጋጆች ስትጽፉ የአውደ ጥናቱን ጽሑፎች ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ክፍት ጥሪ እንደምታወጡ ግለጹ።

ሁለተኛ ዙር ካሰባችሁ የቀጣዩ ዓመት የፕሮፖዛል ጥሪ ጥቂት ወር ነው የሚቀረው። የገምጋሚዎችን ዝርዝር፣ የኢሜይል ናሙናዎችን፣ ድረ ገጹንና የጊዜ ሰሌዳውን በአንድ ፎልደር አስቀምጡ። ከአዘጋጆቹ አንዱ ይውጣ፣ በዘንድሮው ክፍል ውስጥ ጎበዝ የነበረ አንድ ተማሪ በቦታው ይግባ። ለእሱ ወይም ለእሷ ግብዣውን እዚያው ጉባኤው ሳያልቅ አቅርቡላቸው።