ስፖቲንግ ስኮፑ "አያሳይም" ሲባል፦ ለአጋዘን አዳኞች ችግርና መፍትሄ

የኦክቶበር መጨረሻ ደርሶ ዴንቨርና አውሮራ ያሉ ወገኖቻችን ለአጋዘን አደን መዘጋጀት ሲጀምሩ አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ይመጣል። "ስፖቲንግ ስኮፕ ገዛሁ፤ አያሳይም። ሌላ ምን ልግዛ?" ስፖቲንግ ስኮፕ ማለት እግር ላይ ቆሞ በአንድ ዓይን የሚታይበት፣ ሩቁን የሚያጎላ መነጽር ነው። ስኮፑን ተቀብዬ ስመለከትበት አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ችግሩ ያለው ስኮፑ የሚቆምበት ሦስት እግር (ትራይፖዱ) ላይ፣ አየሩ ላይ ወይም ዙሙ ላይ ነው። ስለዚህ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን መርምሩት። ገና ልትገዙ ከሆነም ችግሮቹን ማወቅ ምን እንደምትመርጡ ይነግራችኋል።

የማወራው በኮሎራዶ ምዕራብ ስላለው ጆሮ ትልቁ አጋዘን፣ ስለ ሚዩል ዲር ነው። በሚከርና በክሬግ አካባቢ አገሩ ክፍት ነው። ከአንድ ኮረብታ ላይ ተቀምጣችሁ ማዶ ያለውን ሸንተረር ትቃኛላችሁ። ርቀቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ኪሎ ሜትር ያልፋል። እንስሳውን በባይኖኩላር ታገኙታላችሁ። ወንድ መሆኑን፣ ቀንዱ ከጆሮው አልፎ መውጣት አለመውጣቱን የምታረጋግጡት ግን በስኮፑ ነው። ጆሮውን የቀሰረ አጋዘን ከጆሮ ጫፍ እስከ ጆሮ ጫፍ ከግማሽ ሜትር እምብዛም አይርቅም። የቀንድ መለኪያችን እሱ ነው።

ፎከስ ማስተካከልና የሌንስ ክዳን ማንሳት ታውቃላችሁ ብዬ ልጀምር።

መጀመሪያ ብዥታውን ለዩት

"ብዥ ይላል" ብቻ ብላችሁ አትደውሉልኝ። ብዥታ ሦስት ዓይነት ነው።

ምስሉ በሙሉ አንድ ላይ እየዘለለ ከሆነ ትራይፖዱ ነው። ምስሉ ቦታው ላይ ሆኖ ጠርዙ የሚርገበገብ፣ ለቅጽበት ጥርት ብሎ መልሶ የሚጠፋ ከሆነ አየሩ ነው። ሳይንቀሳቀስ ሁልጊዜ ደብዛዛ ከሆነ ብቻ ስኮፑን ጠርጥሩ። ይህን ለመለየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ብዙ ሰው ግን ይህችን ደቂቃ ሳይሰጥ ስኮፑን ወደ መደብር ይመልሳል።

"60 ላይ ሳደርገው ምንም አይታይም"

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመኝ ይህ ነው። ሰው ዙሙን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ እዚያው ይተወዋል። የከፈልኩበት ነው ብሎ ያስባል። ከዚያ አጋዘኑ ግራጫ ጥላ ይሆንበታል።

አንደኛው ምክንያት ብርሃን ነው። የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊ ሜትር ለማጉያው ቁጥር አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። የፊት ሌንሱ 80 ሚሊ ሜትር የሆነ ስኮፕ 20 እጥፍ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ይሰጣችኋል። 60 እጥፍ ላይ 1.3 ብቻ። ሌንሱ 60 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደግሞ 60 እጥፍ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ይቀራል። አጋዘን የሚወጣው ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ነው። ያን ሰዓት የዓይናችሁ ብሌን ይሰፋል፤ ስኮፑ ግን የሚልክለት ቀጭን የብርሃን ጭላንጭል ነው። ስለዚህ ይጨልማል። ኮሎራዶ ውስጥ ማደን የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ነው። በእነዚያ ሁለት ግማሽ ሰዓቶች 60 እጥፍን እርሱት። ከ20 እስከ 30 ባለው ሥሩ።

ሁለተኛው ምክንያት አየሩ ነው፤ የሚብሰውም እሱ ነው። ፀሐይ ድንጋዩንና ቁጥቋጦውን ስታሞቅ ሞቃት አየር ከመሬት ይነሳል። ከተቀጣጠለ ከሰል በላይ ያለውን አየር አይታችሁታል፤ ማዶ ያለው ነገር ሁሉ ይርገበገባል። በእናንተና በአጋዘኑ መካከል ያለው አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል አየር እንዲሁ ነው። ስኮፑ ደግሞ አጋዘኑን ብቻ ለይቶ አያጎላም፤ መርገብገቡንም አብሮ ያጎላዋል። ጥሩ 80 ሚሊ ሜትር ሌንስ አየሩ ፍጹም ቢረጋ በ1,600 ሜትር ርቀት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚራራቁ ሁለት ነጥቦችን መለየት ይችላል። ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ግን የቀንዱን ቅርንጫፍ መቁጠር ሊያቅታችሁ ይችላል። ስንት ሺህ ዶላር ብታወጡ ይህን የሚያስተካክል ሌንስ የለም።

"ብርድ ነው እኮ፣ በረዶም አለ" የሚለኝ አለ። ብርድ ቢሆንም ፀሐይ ያገኘው ድንጋይ ከአየሩ ይሞቃል። ልዩነቱ በቂ ነው።

አንድ ጋሼ የምላቸው ትልቅ ሰው ነበሩ። ሁለት ስኮፕ ገዝተው ሁለቱንም መልሰዋል። ሦስተኛውን ይዘው አብረን ወጣን። ስኮፑን ከፒክአፓቸው አፍንጫ ፊት ለፊት ተክለው በሞተሩ ክዳን ላይ አሻግረው ያያሉ። መኪናው ገና መቆሙ ነው፤ ክዳኑ ይጋላል። "ጋሼ፣ እስቲ ወደዚያ ድንጋይ ጀርባ እንሂድ፣ ዙሙንም 30 ላይ ያድርጉት" አልኳቸው። ከመኪናው ሃያ እርምጃ ያህል ራቅን። በዚያው ስኮፕ፣ በዚያው ሸንተረር ላይ ተኝተው የነበሩ ሦስት እንስት አጋዘኖችን ቆጠሩ። "ያኔ የመለስኳቸውስ?" አሉኝ። እነሱም ደህና ነበሩ።

መፍትሄው ይኸው ነው። በጠዋት ተገኙ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ጥላ ያለበትን ሰሜን ፊት ቁልቁለት አስቀድሙ። በሜዳው ላይ ለጥ አድርጋችሁ ከማየት ከፍታ ላይ ሆናችሁ ሸለቆ አሻግሩ፤ የእይታ መስመራችሁ ከመሬት በራቀ ቁጥር አየሩ ይረጋል። ደመና ሲያልፍ ፈጥናችሁ እዩ። ዙሙን ሁልጊዜ ከዝቅተኛው ጀምሩና ምስሉ መጥራቱን እስከቀጠለ ድረስ ብቻ ጨምሩ። መጨመሩ አዲስ ነገር ካላሳያችሁ መልሱት። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ዕረፉ። ያን ሰዓት ቀንድ ለመቁጠር መታገል ዓይን ማድከም ነው።

ከመኪና ውስጥ በመስኮት የምታዩ፣ ማሞቂያውን አጥፉ። ሞቃቱ አየር በመስኮቱ ሲወጣ ከቀዝቃዛው ጋር የሚደባለቀው በትክክል ከሌንሱ ፊት ነው። በተዘጋ መስታወት ማየትማ አይነሳ።

"ማታ ደህና ነበር፣ ጠዋት ተበላሸ"

አልተበላሸም። ሞቴል ውስጥ ማሞቂያው አጠገብ አድሮ ብርድ ላይ ወጣ። ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ከውጪው ጋር እስኪስተካከል ይንቀሳቀሳል፤ ምስሉም ይረበሻል። ትልቅ ሌንስ ደግሞ ቶሎ አይበርድም። መፍትሄው ስኮፑን ከነቦርሳው መኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ማሳደር ነው። ቆልፉት። ይህን ካላደረጋችሁ ከመጠቀማችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት አውጡት።

ማታ ስትመለሱ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የበረደ ስኮፕ ሞቃት ክፍል ሲገባ ላብ ይለብሳል። ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ ይሙቅ። ወዲያው አትጥረጉት።

"ሁሉም ነገር ይዘላል"

ትራይፖድ። ሰው 900 ዶላር ለስኮፕ ያወጣና ለካሜራ ተብሎ በ30 ዶላር የተሸጠ ቀጭን እግር ላይ ይሰቅለዋል። ይህን ሳይ እናደዳለሁ። 80 ሚሊ ሜትር የሆነ ስኮፕ ወደ ሁለት ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። ያ እግር ስልክ ለመሸከም የተሠራ ነው። 40 እጥፍ ላይ ትንሿ ነፋስ አርባ እጥፍ ሆና ትታያችኋለች። በጠቅላላው 800 ዶላር ካላችሁ ከ250 ያላነሰውን ለእግሩና ስኮፑ ለሚያርፍበት አናቱ መድቡ። የሚቆጨው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ያላችሁን እግር ለማሻሻል፦ መሃል ላይ ያለውን ዘንግ ጨርሶ ወደ ታች አውርዱት። ዘንጉን ከፍ ማድረግ ሦስት እግሩን ወደ አንድ እግር መቀየር ነው። ቆማችሁ አትዩ፤ ተቀመጡ፣ እግሩንም አሳጥሩት። ወፍራሞቹን ክፍሎች አስቀድማችሁ ዘርጉ፣ ቀጫጭኖቹን መጨረሻ ላይ። ቦርሳችሁን ከሥሩ አንጠልጥሉ፤ ግን መሬት ይንካ፣ አለዚያ ነፋሱ ቦርሳውን ሲያወዛውዝ ስኮፑም ይወዛወዛል። ፎከሱን በሁለት ጣት ንኩና እጃችሁን አንሱ። ምስሉ እስኪረጋ ጠብቁ። ስኮፑን በእጁ ጨብጦ የሚያይ ሰው የልብ ምቱን ነው የሚያየው።

ስኮፑን ከእግሩ ጋር የሚያያይዘውን ብሎን በየጠዋቱ አጥብቁ። አንድ ወዳጄ ወጣት፣ የፕላስቲክ ብሎን ያለው ርካሽ ማያያዣ ይጠቀም ነበር። ቁልቁለት ላይ ብሎኑ ተሰበረና ስኮፑ ድንጋይ ለድንጋይ ተንከባለለ። ከዚያ በኋላ ከዋክብት አንድ ወገናቸው ጭራ አውጥተው ይታዩታል። ይህ ማለት ውስጡ ያለው ሌንስ ወይም ፕሪዝም (ብርሃኑን የሚመልሰው መስታወት) ከቦታው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ይህን ቤት ውስጥ አትነካኩት። ወደ አምራቹ ላኩት።

"ደብዛዛ ነው፣ ሁልጊዜ፣ በማንኛውም ዙም"

እዚህ ስኮፑን እንጠረጥራለን። በጣት ሌንሱን ንኩ፤ ጉሙ በጣታችሁ ከተነካ ውጪ ነው። ብዙ ጊዜ ትንፋሻችሁ ነው። አፍና አፍንጫችሁን በሻርፕ ስትሸፍኑ ትንፋሹ ወደ ላይ ወጥቶ ዓይን ያለበት ሌንስ ላይ ያርፋል። ሻርፑን ዝቅ አድርጉ። ጣት አሻራ ስለሚተው ቀጥሎ በምነግራችሁ መንገድ አጽዱት።

ጉሙ ውስጥ ከሆነ ማሸጊያው ተበጥሷል። ጥሩ ስኮፕ ውስጡ በናይትሮጅን ወይም በአርጎን ይሞላና ይታሸጋል። ያ ጋዝ አንዴ ከወጣ እርጥበት ይገባል። ሩዝ ውስጥ መቅበር አይሠራም። ብሎን ፈትቶ መክፈት ደግሞ የቀረውን ያበላሻል። ዋስትናው ለዚህ ነው። ቮርቴክስ ለምሳሌ ደረሰኝ ሳይጠይቅ የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣል፤ ያገለገለ ብትገዙም ይሠራል። ያገለገለ ስትገዙ የአምራቹን ዋስትና ቀድማችሁ አጣሩ።

ጉም ሳይኖር ከደበዘዘ ሌንሱ ተፍቆ ሊሆን ይችላል። በነጠላ ጫፍ፣ በቲሸርት፣ በሶፍት የምትጠርጉ፣ ተዉ! አቧራው ላይ ስታሹት ብርሃን እንዳይንጸባረቅ የሚያደርገውን ሽፋን በአሸዋ እየፋቃችሁ ነው። መጀመሪያ በአየር መንፊያ አቧራውን አባሩ፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ፣ በመጨረሻ በሌንስ ፈሳሽና በማይክሮፋይበር ጨርቅ። ደረቅ ሌንስ አይታሽም።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ከደበዘዘ፣ ስኮፑ ራሱ ዝቅተኛ ነው። ስም የሌላቸው፣ "25-75x60" (ከ25 እስከ 75 እጥፍ፣ ሌንሱ 60 ሚሊ ሜትር) የተጻፈባቸው፣ ከመቶ ዶላር በታች የሚሸጡ አሉ። ከላይ ያለውን ሒሳብ ሥሩት፤ 75 ላይ 0.8 ሚሊ ሜትር ብርሃን ነው የሚወጣው። 75ቱ ለሽያጭ የተጻፈ ቁጥር ነው። ለሩቅ አጋዘን አይሆንም።

ቀሪዎቹ በአጭሩ

የቀንዱ ዳር ሐምራዊ ቀለም ካወጣ፣ መስታወቱ ተራ ነው። ኢዲ ወይም ፍሎራይት የተባለ መስታወት ያለውን ፈልጉ። መነጽር አድርጋችሁ ስታዩ ጥቁር ቀለበት ከከበባችሁ፣ ዓይን ማስቀመጫውን ላስቲክ ዝቅ አድርጉ፤ ካልጠፋ የዓይን ርቀቱ (ምስሉ በሙሉ እንዲታይ ዓይን ከሌንሱ የሚርቅበት) ከ15 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን አትግዙ። ብርድ ላይ የፎከሱ ቀለበት ከጠጠረ ቅባቱ ነው፤ አታስገድዱት። አንገት ካመማችሁ የሚያዩበት ጫፉ ወደ ላይ የጎበጠው ዓይነት ይሻላችኋል፤ ከመኪና መስኮት ለሚያይ ግን ቀጥ ያለው።

ሁለት ነገር ደግሞ ያለ ይቅርታ፦ በስኮፕ ፀሐይን አትዩ፤ ዓይን ይጠፋል። የጠመንጃውን ስኮፕም ለመቃኛ አትጠቀሙ። ማዶ የሚንቀሳቀሰው አጋዘን ይሁን ብርቱካናማ የለበሰ ሌላ አዳኝ ሳታውቁ አፈሙዝ እያዞራችሁ ነው። መቃኛ የምትገዙት ለዚህም ጭምር ነው።

መደብር ስትሄዱ

መብራት ሥር ሆናችሁ ግድግዳ ላይ ያለ ማስታወቂያ አንብባችሁ አትወስኑ። ያን ማንኛውም ስኮፕ ያነበዋል። ሲመሽ ሂዱና ደጅ እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ። ከሰማይ ጋር የሚታይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ አነጣጥሩ፤ ሐምራዊ ጠርዝ ካለ እዚያ ይታያል። ጨለማው እየመጣ ሲሄድ 30 ላይ የሩቅ ታርጋ ማንበብ እስከ መቼ እንደምትችሉ አወዳድሩ። ከዚያ እግሩን በጣት መታ አድርጉና 40 ላይ ምስሉ እስኪረጋ ቁጠሩ። ከሁለት ሰከንድ በላይ ከፈጀ ያንን እግር አትውሰዱ። ዋጋቸው እኩል የሆኑ ሁለት ስኮፖች ካሉ፣ አንዱ 60 እጥፍ ደርሶ ተራ መስታወት ያለው፣ ሌላው 45 ላይ ቆሞ ጥሩ መስታወት ያለው ከሆነ፣ 45ቱን ውሰዱ።