የተራዘመ ዋራንቲ «ሰርቪስ አላደረጉም» ብሎ ሲመልስዎ፦ ያገለገለ መኪና ለገዙ የችግርና መፍትሔ መመሪያ

በአሜሪካ ያገለገለ መኪና ሲገዙ የብድሩን ወረቀት የሚያስፈርመው ሰው መጨረሻ ላይ የሚያቀርብልዎ «የተራዘመ ዋራንቲ» በሕጉ አነጋገር ዋራንቲ አይደለም። ዋራንቲ ከመኪናው ዋጋ ጋር አብሮ የሚመጣ የአምራቹ ወይም የሻጩ ቃል ሲሆን፣ ይህኛው በተለየ ዋጋ የሚገዛ የሰርቪስ ውል ነው። ልዩነቱ የስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት ነበር፤ ነገር ግን ሞተሩ ወይም ካምቢዮው በተበላሸ ቀን ውሉን የሰጠው ኩባንያ የሚከፍለው ወይም የማይከፍለው፣ የገዢውን ግዴታዎች በሚዘረዝሩት ጥቂት የውሉ መስመሮች መሠረት ነው። እነዚህን መስመሮች አብዛኞቻችን የምናነባቸው የክፍያ ጥያቄያችን ውድቅ ከተደረገ በኋላ ነው።

ችግር፦ ዘይቱ በጊዜው ተቀይሯል፣ ኩባንያው ግን «ማስረጃ የለም» ይላል

ምክንያቱ ውሉ የሚጠይቀው ሰርቪሱ መደረጉን ብቻ ሳይሆን መደረጉን በጽሑፍ ማሳየት መቻልዎን ጭምር መሆኑ ነው። አንድ ወዳጄ ያሳየኝ ደረሰኝ ነገሩን ያስረዳል። በእጅ «ዘይትና ፊልትሮ፣ 55 ዶላር» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ቀኑም አለ። የመኪናው ዓይነት፣ የሻንሲ ቁጥሩና መኪናው በዕለቱ የነበረበት ማይል ግን የሉም። ለእሱ ይህ የመኪናው ሰርቪስ ነው፤ ለኩባንያው ግን የማንኛውም መኪና ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ደረሰኙ የባሰ ነበር፤ በሙቀት የሚታተም ስስ ወረቀት ስለነበረ በዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ የሐምሌንና የነሐሴን ሙቀት ካሳለፈ በኋላ ጽሑፉ ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ሆኖ ተገኘ።

የክፍያ ጥያቄው አስቀድሞ ቀርቦ ከሆነ ወደ ጋራዡ ተመልሰው የቀድሞውን ደረሰኝ እንደገና እንዲያትሙልዎ ይጠይቁ፤ ብዙ ጋራዦች ሥራውን በታርጋ ወይም በሻንሲ ቁጥር በኮምፒውተር መዝግበው ይይዛሉ። ጋራዡ የመኪኖችን ታሪክ ለሚመዘግበው ለካርፋክስ መረጃ የሚልክ ከሆነ ቀኑና ማይሉ እዚያም ሊገኝ ይችላል። የባንክ ሒሳብ መግለጫ ገንዘብ መከፈሉን እንጂ ምን እንደተሠራ ስለማይናገር ብቻውን አይበቃም፤ ጎዶሎ ደረሰኝን ግን ይደግፋል።

ወደፊት ግን ከጋራዡ ሳይወጡ ደረሰኙን ያንብቡ። ቀኑ፣ ማይሉ፣ ባለ 17 ፊደልና ቁጥር የሆነው የሻንሲ ቁጥር፣ የዘይቱ ዓይነትና መጠን፣ ፊልትሮው መቀየሩ፣ እንዲሁም የጋራዡ ስምና አድራሻ ሁሉ መኖር አለባቸው። ከዚያ ፎቶ አንሥተው ለራስዎ በኢሜይል ይላኩት። ለወገን ጋራዥ በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ «ደረሰኙ ይቅር» መባባል በመካከላችን የተለመደ ነው፤ እንዲህ ባለው ውል ሥር ግን ያ ሰርቪስ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ዘይቱን የሚቀይሩት ራስዎ ከሆኑ አስቀድመው ውሉ ይህን የሚፈቅድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከፈቀደም የዘይቱንና የፊልትሮውን የግዢ ደረሰኝ ቀንና ማይል ከጻፉበት ማስታወሻ ጋር አያይዘው ያስቀምጡ።

ችግር፦ ደረሰኞቹ ተሟልተዋል፣ መልሱ ግን «ሰርቪሱ ዘግይቷል» የሚል ነው

ይህ ከሁሉ የበለጠ ግራ የሚያጋባ ሲሆን፣ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። የመጀመሪያው «ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው» የሚለው ሐረግ ነው። በርካታ አዳዲስ የቶዮታ ሞዴሎች በ0ደብሊው-20 ሲንተቲክ ዘይት ሲነዱ ዘይቱ በየ10,000 ማይሉ ወይም በየ12 ወሩ ይቀየራል ይባላል። ይህ ማለት መኪናው 3,000 ማይል ብቻ ቢነዳም ዓመቱ ከሞላ ሰርቪሱ ደርሷል ማለት ነው። ቤተሰብ ለመጠየቅ አዲስ አበባ ሄደው ለወራት የሚቆዩ ሰዎች መኪናቸው ቆሞ ስለከረመ ሰርቪስ የማያስፈልገው ይመስላቸዋል፤ የውሉ ቀን መቁጠሪያ ግን እነሱ በሌሉበትም ይቆጥራል።

ሁለተኛው ምክንያት አምራቹ በመመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ሁለት የሰርቪስ ሠንጠረዦች ማስቀመጡ ነው፤ አንደኛው ለተለመደ አነዳድ፣ ሌላኛው ለከባድ የአነዳድ ሁኔታ። ቶዮታ በልዩ ሁኔታነት ከሚጠቅሳቸው መካከል በአቧራማ መንገድ መንዳት፣ ተጎታች መጎተት፣ ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ቅዝቃዜ አጫጭር ጉዞዎችን መደጋገም፣ እንደ ታክሲና እንደ ዕቃ አድራሽ መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ለረጅም ጊዜ መቆምና በዝግታ ብዙ መንዳት ይገኙበታል። በእነዚህ ሁኔታዎች ያው መኪና ዘይቱ የሚቀየረው በ5,000 ማይል ወይም በ6 ወር ነው። በቀን 150 ማይል እየነዳ በሳምንት 6 ቀን የሚሠራ ሰው በሳምንት 900 ማይል ይሄዳልና ስድስት ሳምንት ሳይሞላው 5,000 ማይሉ ላይ ይደርሳል። የዳሽቦርዱ የሰርቪስ ማስታወሻ መብራት እስኪበራ የሚጠብቅ ከሆነ ደግሞ መብራቱ የተስተካከለው ለየትኛው ሠንጠረዥ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

መፍትሔው የመኪናዎን መመሪያ መጽሐፍ ከውሉ ጎን አስቀምጦ ማንበብ ነው። ውሉ «የአምራቹን ሠንጠረዥ» ይላል ወይስ የራሱን ማይል ያስቀምጣል? ለዘገየ ሰርቪስ የሚታለፍ የማይል ወይም የቀን ልክ ፈቅዷል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ከመለሱ በኋላ አጭሩን ሠንጠረዥ ይከተሉ። አንድ ተጨማሪ የዘይት ቅያሬ ከሞተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ሰርቪስ ማለትም ዘይት ብቻ አይደለም፤ የካምቢዮ ዘይት፣ የራዲያተር ፈሳሽ፣ የታይሚንግ ቺንጋ ባለው ሞተር ላይ ደግሞ የቺንጋው ቅያሬ በሠንጠረዡ ውስጥ አሉ። የካምቢዮ ጥያቄ ሲቀርብ የሚፈለገውም የሞተር ዘይት ደረሰኝ ሳይሆን የካምቢዮው ነው።

ችግር፦ ሁሉም ተሟልቶ ኡበር ወይም ሊፍት መሥራትዎ ሲታወቅ ጥያቄው ይዘጋል

ይህን የትኛውም ደረሰኝ አይፈታውም። ብዙ ውሎች መኪናው ለንግድ ሥራ፣ ለኪራይ ወይም ሰው በክፍያ ለማጓጓዝ ከዋለ ሽፋኑ እንደሚቀር በግልጽ ይጽፋሉ። ሻጩ በቃል «ችግር የለውም» ቢል ቃሉ በወረቀት ላይ ካልሰፈረ አይረዳዎትም። ከመፈረምዎ በፊት ከሆነ ሥራዎን ይናገሩና የንግድ አገልግሎትን በተጨማሪ ዋጋ የሚሸፍን ውል ካላቸው ይጠይቁ። ሥራውን ደብቆ ውሉን መግዛት በየወሩ ከንቱ ገንዘብ መክፈል ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ 40,000 ማይል የሄደ ሴዳን ያየ መርማሪ መጠየቁ አይቀርምና።

አስቀድመው ፈርመው ከሆነና ውሉ እንደማይሸፍንዎ አሁን ካወቁ፣ በጽሑፍ ሰርዘው ካልተጠቀሙበት ጊዜ ጋር የተመጣጠነ ገንዘብ እንዲመለስልዎ ይጠይቁ። ውሉ ከመኪናው ብድር ጋር ተደምሮ ከነበረ ተመላሹ የሚሄደው ለአበዳሪው ነው፤ የሚቀንሰውም ቀሪው ዕዳ እንጂ ወርኃዊ ክፍያው አይደለም። ገንዘቡ በእጃቸው ስላልገባ ተታለልን ያሉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ችግር፦ ሞተሩ ሲፈታ ጥቁር ዝቃጭ ወይም የዘይት እጥረት ተገኘበት

ቀይ የዘይት መብራት በርቶ «ቤት ድረስ ላድርሰው» ብሎ መንዳት ውሉ ከማይሸፍናቸው ጥፋቶች አንዱ ነው። መብራቱ ሲበራ ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉና መኪናውን ያስጎትቱ። ያገለገሉ ሞተሮች በሁለት ሰርቪስ መካከል ዘይት ሊበሉ ስለሚችሉ መለኪያውን በየሁለት ሳምንቱ ማየት፣ የጨመሩትንም ዘይት ደረሰኝ ማስቀመጥ ይገባል።

ችግር፦ ጋራዡ መኪናውን ሠርቶ ጨርሷል፣ ኩባንያው ግን «ፈቃድ አልሰጠንም» ይላል

ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጋራዡ ለኩባንያው ደውሎ የፈቃድ ቁጥር መቀበል አለበት። ብልሽቱን ለማወቅ ሞተሩን መፍታት ካስፈለገም የመፍቻውን ዋጋ የሚፈቅዱት እርስዎ ነዎት፤ ብልሽቱ ሽፋን የሌለው ሆኖ ከተገኘ የሚከፍሉትም እርስዎ ነዎት። የፈቃድ ቁጥሩን፣ የደወለውን ሠራተኛ ስምና ሰዓቱን በጽሑፍ ይያዙ።

ሰርቪሱን የግድ ዲለር ጋ ማድረግ አለብኝ ወይ የሚለው ጥያቄም ብዙ ጊዜ ይነሣል። በ1975 የወጣው የማግነሰን-ሞስ ሕግ ዋራንቲ ሰጪው በነጻ ካልሰጠ በስተቀር የተወሰነ ጋራዥ ወይም የተወሰነ መለዋወጫ እንዳያስገድድ በመርሕ ደረጃ ይከለክላል። ይህ ክልከላ የተጻፈው ግን ለዋራንቲ ነው። ተለይቶ በተገዛ የሰርቪስ ውል የውሉን ቃል ይመልከቱ፤ «ፈቃድ ያለው ጋራዥ» ካለ የወገንዎ ጋራዥ ፈቃዱና ትክክለኛው ደረሰኝ እስካለው ድረስ ይበቃል።

ጥያቄዎ ውድቅ ከተደረገ መልሱን በስልክ ሰምተው አይለፉት። የውሉ የትኛው አንቀጽ እንደተጠቀሰ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከዚያ ጎደለ የተባለው ሰርቪስ ለተበላሸው ክፍል ምክንያት መሆን አለመሆኑን ያጣሩ። ያልተቀየረ የሞተር ዘይት የኤርኮንዲሽነር ኮምፕሬሰርን አያቃጥልም። ውሉም ሽፋኑን የሚያስቀረው ብልሽቱ በሰርቪስ ጉድለት «ሲከሰት» ነው የሚል ከሆነ ክርክርዎ እዚያው ላይ ነው፤ የጋራዡን መካኒክ አስተያየት ጽፎ ፈርሞ እንዲሰጥዎ ያድርጉና ከይግባኙ ጋር ያያይዙ። ኩባንያው ዝም ካለ አቤቱታው ለሚኖሩበት ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ይቀርባል። መኪናውን ሲገዙ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ የነበረውን የገዢዎች መመሪያ ወረቀትም አይጣሉት፤ ዲለሩ «ባለበት ሁኔታ»፣ ማለትም ያለ ዋስትና፣ ብሎ ሸጦም ቢሆን፣ መኪናውን ከሸጠልዎ በ90 ቀን ውስጥ የሰርቪሱን ውል ራሱ ከሸጠልዎ በውሉ በተሸፈኑት ክፍሎች ላይ በግዛቱ ሕግ የሚኖርዎትን ያልተጻፈ ዋስትና ሊያስቀር አይችልም፤ ዲለሩ የትኛውን ሣጥን እንዳመለከተ የሚያሳየው ያ ወረቀት ነው።