ሚጥሚጣው ውስጥ የተደበቀው ጨው
ደም ግፊት ያለባችሁ፣ ድስት ውስጥ ጨው ስላልጨመራችሁ ብቻ ከጨው አላመለጣችሁም። እናቴ ወጧን ያለ ጨው መሥራት ከጀመረች ቆይታለች፤ ግፊቷ ግን አልወርድ አለ። ለካስ በርበሬው ሲደለዝ፣ ሚጥሚጣው ሲፈጭ ጨው አብሮ ገብቷል፤ ጠዋት የምትጠጣው ሆጃም (ከቡና ገለባ ወይም ቅጠል የሚፈላው መጠጥ) በጨው ነው! የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ሁሉም ተደምሮ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። አሁን ቅመሙን ያለ ጨው አስፈጭተን ወጡን በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ እናጣፍጣለን። የድሬዳዋ ሙቀት በረድ ሲል ደግሞ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ተቀምጣ ለ10 ደቂቃ ያህል በአፍንጫዋ ቀስ ብላ አየር ትስባለች፤ ስታስወጣው ከሳበችበት ታስረዝመዋለች። ጫት ግፊት ይጨምራል፤ የምርቃናው ዝምታ እረፍት እንዳይመስላችሁ። መድኃኒቷንም አላቋረጠችም፤ እሱን የሚቀንሰው ሐኪሟ ብቻ ነው።