በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚመራመር ሰው ምን ማሳወቅ አለበት? እንዴትስ?

በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ኢትዮጵያዊ የኬሚስትሪ መምህር በየክረምቱ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እየሄደ ሁለት የዶክትሬት ተማሪዎችን ያማክራል እንበል። ደመወዝ የለውም፤ ያገኘው ነገር ቢኖር የክብር ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ደብዳቤና የሦስት ሳምንት ማረፊያ ነው። ይኸው መምህር ለአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን (ኤንኤስኤፍ) ፕሮፖዛል ሲያስገባ ሹመቱን ይጻፍ ወይስ ይተወው? «አልተከፈለኝ፣ ምን ብዬ እጽፋለሁ?» የሚል ብዙ ነው፤ ቅጹ ግን የሚጠይቀው ስለ ሹመት እንጂ ስለ ክፍያ ብቻ አይደለም። ያለ ክፍያ የተሰጠም ቢሆን፣ የትርፍ ሰዓትም የክብርም ቢሆን፣ በአሜሪካም ሆነ በሌላ አገር ያለ ሹመት ሁሉ ይጻፋል።

ይህን ግዴታ ያጠበቁት ሁለት ሰነዶች ናቸው። የመጀመሪያው በጃንዋሪ 2021 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የብሔራዊ ደኅንነት ፕሬዚዳንታዊ መመሪያ ቁጥር 33 ሲሆን፣ ሁለተኛው በኦገስት 2022 የጸደቀው የቺፕስና የሳይንስ ሕግ ነው። ከሁለተኛው ሰነድ በፊትም ግን የሐሰት መግለጫ ዋጋ ታይቷል። የሃርቫርዱ ኬሚስት ቻርልስ ሊበር በዲሴምበር 2021 ጥፋተኛ የተባለው ምሥጢር ሰርቆ ሳይሆን፣ ከአንድ የቻይና ዩኒቨርሲቲ ጋር ስለነበረው ግንኙነት ለፌዴራል ባለሥልጣናት ሐሰት በመናገሩና ከዚያ ያገኘውን ገቢና የባንክ ሂሳቡን ባለማሳወቁ ነበር። በአንጻሩ በጃንዋሪ 2021 የተከሰሰው የኤምአይቲው ጋንግ ቼን ክሱ ከአንድ ዓመት በኋላ ተነሥቶለታል፤ ያ አንድ ዓመት ግን ማንም የሚመኘው አልነበረም። በእኔ አስተያየት ከሁለቱም ጉዳዮች የሚወሰደው አንድ ነው፦ የሚያስከስሰው በአብዛኛው ግንኙነቱ ራሱ ሳይሆን ሳይጻፍ የቀረው ነው።

ሁለቱ ቅጾች

የመጀመሪያው ቅጽ የተመራማሪውን ትምህርትና ሹመቶች የሚዘረዝር አጭር የሕይወት ታሪክ ነው። ሁለተኛው በእጅ ያለና የሚጠበቅ ድጋፍ የሚመዘገብበት ነው። በኤንኤስኤፍ ዘንድ ሁለቱም የሚዘጋጁት ሳይኢንሲቪ በተባለው ድረ ገጽ ሲሆን፣ ረዳት ሊሞላልዎ ቢችልም የማረጋገጫውን ፊርማ ግን ራስዎ ብቻ ነዎት የሚያኖሩት። ስለዚህ «ጸሐፊዋ ናት የሞላችው» የሚል መከላከያ አይሠራም፤ ለፌዴራል መንግሥት አውቆ ሐሰት መናገር እስከ አምስት ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

በድጋፍ ቅጹ ላይ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ጊዜ ጥሬ ገንዘቡን ሳይሆን በዓይነት የተሰጠውን ነው የሚረሳው። ለምሳሌ ደመወዙን የኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴር እየከፈለው ለአንድ ዓመት በእርስዎ ቤተ ሙከራ፣ በእርስዎ ምርምር ላይ የሚሠራ ጎብኚ ተመራማሪ ካለ፣ ከዩኒቨርሲቲዎ ኪስ አንድ ዶላር ባይወጣም ይህ ድጋፍ ነው። ኤንኤስኤፍ የእርስዎን ጊዜ የሚጠይቅና ዋጋው 5,000 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን የዓይነት ድጋፍ እንዲመዘግቡ ይጠይቃል። የጤና ምርምር የሚደግፈው ኤንአይኤች ደግሞ ከውጭ ተቋም ጋር የተፈራረሙትን ውል ቅጂ ይጠይቃል፤ ውሉ በአማርኛ ከሆነ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር ነው የሚቀርበው። ትርጉሙን ሳያነቡ አያስገቡ። «አበል» የሚለው ቃል ደመወዝ ተብሎ ከተተረጎመ፣ የመጓጓዣና የምግብ ወጪ መሸፈኛ የነበረው ገንዘብ በአንድ ቃል የቅጥር ክፍያ ሆኖ ይገኛል።

እዚህ ላይ የእኛን ሰዎች ብቻ የሚያጋጥሙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የሹመት ደብዳቤው «ከመስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ» ካለ በቅጹ ላይ የሚጻፈው ሴፕቴምበር 2023 ነው። ቁጥሩን እንዳለ የገለበጠ ሰው ሹመቱን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ ቅጹ የሚጠይቀው የአሁኑንና ያለፉትን ሦስት ዓመታት ሹመት በመሆኑም ገምጋሚው ለምን ቀድሞ እንዳልተገለጸ መጠየቁ አይቀርም። ሁለተኛው ስም ነው። በአንድ ጽሑፍ የአባት ስም፣ በሌላው የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሲያዝ፣ ፊደሉም በላቲን ሲጻፍ በየጊዜው ሲለያይ፣ አንዱ ተመራማሪ ሦስት ሰው ይመስላል። ኦርኪድ የተባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥር አውጥተው የስምዎን ልዩ ልዩ አጻጻፎች ሁሉ በእርሱ ሥር ያስመዝግቡ።

የተከለከለው የምልመላ ፕሮግራም

ማሳወቅ ብቻውን የማይበቃበት አንድ ነገር አለ። የቺፕስና የሳይንስ ሕግ ቻይናን፣ ሩሲያን፣ ኢራንንና ሰሜን ኮሪያን አሳሳቢ አገሮች ብሎ ሰይሟቸዋል፤ ከእነዚህ አገሮች ወይም በአሜሪካ መንግሥት ዝርዝር ከተመዘገቡ ተቋማት ጋር በተያያዘ ጎጂ የምልመላ ፕሮግራም (ተመራማሪዎችን ለመሳብ በሚካሄድ ፕሮግራም) ውስጥ ያለ ሰውም የፌዴራል የምርምር ገንዘብ ማግኘት አይችልም። ጎጂ የሚያሰኙት የውሉ ቃላት ናቸው፦ ፈቃድ የሌለው የዕውቀት ንብረት ማስተላለፍ፣ ሌሎችን መመልመል፣ ግንኙነቱን መደበቅ፣ ወይም ሊቋረጥ የማይችል ግዴታ መግባት። ከሜይ 20 ቀን 2024 ጀምሮ ለኤንኤስኤፍ የሚያመለክቱ ቁልፍ ተመራማሪዎች በዚህ ውስጥ አለመሆናቸውን ያረጋግጣሉ። በቻይና ስኮላርሺፕ ተምረው የተመለሱ ኢትዮጵያውያን ብዙ በመሆናቸው ይህ ያስፈራል፤ ዲግሪ መያዝ ብቻውን ግን የተከለከለ ፕሮግራም አይደለም፤ በትምህርት ዝርዝር ላይ በግልጽ ይጻፋል። ዛሬም የሚጸና ውል ካለ ግን ከማመልከትዎ በፊት ለዩኒቨርሲቲዎ የምርምር ደኅንነት ቢሮ ያሳዩ።

ሥልጠናው

ሥልጠናው ከሁሉም ይቀልላል። ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት፣ ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ኤንኤስኤፍ፣ ቁልፍ ተመራማሪዎች ፕሮፖዛሉ ከመግባቱ በፊት ባሉት 12 ወራት የምርምር ደኅንነት ሥልጠና እንዲወስዱ ይጠይቃሉ። በኤንኤስኤፍ ድጋፍ የተዘጋጀው አጠር ያለው ቅጂ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ችግሩ የሚመጣው በሌላ ዩኒቨርሲቲ ያለ አጋርዎ ሳይወስድ የማስገቢያው ቀን ሲደርስ ነው፤ የሁሉንም የምስክር ወረቀት ከሁለት ሳምንት በፊት ይሰብስቡ።

ወደ ውጭ የሚላከው ዕውቀት

በ1985 በወጣ ፕሬዚዳንታዊ መመሪያ መሠረት ውጤቱ በነጻ የሚታተም መሠረታዊ ምርምር በአብዛኛው ከኤክስፖርት ቁጥጥር፣ ማለትም ቴክኖሎጂና ዕውቀት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከሚገድበው ሕግ፣ ውጭ ነው። ስፖንሰሩ ከመታተሙ በፊት የማጽደቅ መብት ከጠየቀ፣ ወይም የውጭ ዜጋ እንዳይሳተፍ ከከለከለ፣ ይህ ነጻነት ይቀራል፤ ስለዚህ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት እነዚህን ሁለት አንቀጾች ይፈልጉ። ቁጥጥር ያለበትን ቴክኖሎጂ እዚያው አሜሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለውጭ ዜጋ ማሳየት ወደ ዜጋው አገር እንደ መላክ ይቆጠራል። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ወይም ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው በዚህ ደንብ እንደ ውጭ ዜጋ አይታይም፤ ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ግን ይታያል። ኢትዮጵያ ከአራቱ አሳሳቢ አገሮች ባትሆንም፣ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በኖቬምበር 2021 በጦር መሣሪያ ንግድ ደንቡ ገደብ ከተጣለባቸው አገሮች ዝርዝር አስገብቷታል። ምርምርዎ ከመከላከያ ጋር የሚነካካ ከሆነ የዛሬውን ሁኔታ ከዩኒቨርሲቲዎ የኤክስፖርት ቁጥጥር ባለሙያ ይጠይቁ።

ለገና ወደ አገር ቤት ሲሄዱ ላፕቶፑን እንዳለ አንጠልጥሎ መሄድ የተለመደ ነው። የተሻለው ጉዞውን አስቀድሞ ማስመዝገብና ዩኒቨርሲቲው የሚያውሰውን፣ ያልታተመ መረጃ የሌለበትን ኮምፒውተር መያዝ ነው።

ገንዘቡ ከተፈቀደ በኋላ

ግዴታው ገንዘቡ ሲፈቀድ አያበቃም። ፕሮፖዛሉ ሲገባ መገለጽ የነበረበት ድጋፍ፣ በገንዘብም ሆነ በዓይነት፣ ተረስቶ ከተገኘ ዩኒቨርሲቲው በ30 ቀናት ውስጥ ለኤንኤስኤፍ ማሳወቅ አለበት፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከታወቀበት ቀን ነው። እንዲሁ ያ የክብር ደብዳቤ ከመሳቢያ ውስጥ ሲገኝ የሚደረገው፣ በዚያው ቀን ለግራንት ቢሮው ኢሜይል መጻፍ ነው፦ ሹመቱን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የጀመረበትን ቀን፣ ክፍያ አለመኖሩን፣ በዓመት ስንት ሳምንት እንደሚወስድ፣ ከደብዳቤው ቅጂና ትርጉም ጋር።